ሰባቱ የዋንዛ ፊደሎች

ልጆቼ፣ ሀዲይኛ ተናጋሪው አናጢ ባፈና በእንግሊዝኛ ላይ ዳኛ ነበር ብላችሁ ሳቃችሁ ይመጣል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ያኔ እሱና ልጁም እየሳቁ ነበር የሚጫወቱት።

ባፈና ሆሳዕና፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ በርጩማና አልጋ እየሠራ የሚያድር ሰው ነው። አማርኛ ማንበብ እንኳ የቻለው ጢሙ ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ብቸኛ ልጁ አክሊሉ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ማትሪክ ሊፈተን ነው። ልጁን የሚያስጨንቀው እንግሊዝኛው ነበር። መምህራቸው ሰይፈሥላሴ ይህን ስላወቁ ለክፍሉ ሰባት ፊደል ሰጡ። «ከነዚህ ብቻ ቃል አውጡ። ሌላ ፊደል መበደር የለም። ሰባቱንም በአንዴ የሚጠቀልል ቃል ግን አንድ አለ፤ እሱን ያገኘ ጎበዝ ነው» አሏቸው።

ባፈና ይህን ሲሰማ ትራፊ ዋንዛ ሰባት ቦታ ቆርጦ አለስልሶ፣ ፊደሎቹን በጋለ ምስማር አንድ በአንድ ተኮሰባቸው። ስማቸውን ስለማያውቅ በሙያው ስም አወጣላቸው፤ አንዷ መጋዝ፣ አንዷ ጣራ፣ አንዷ ምሰሶ፣ አንዷ መሰላል፣ አንዷ እግሯን የዘረጋች። ሁለቱ ደግሞ መንታ ማበጠሪያ። ማታ ማታ አክሊሉ ቃሉን በጠመኔ ሳንቃ ላይ ይጽፋል። አባት እንጨቶቹን ከሥር እየደረደረ ይፈርዳል።

«ዋተር፤ ውኃ ማለት ነው።»

«መጋዟ አለች፣ ጣራዋ አለች... ያልፋል!»

«ትሪስ፤ ዛፎች ማለት ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ። ይህች እባብ የመሰለችው ከማን ቤት መጣች?»

«ዝም ብለህ እለፋት እንጂ አባዬ፣ አንዲት ፊደል ናት!»

«በኔ ችሎት ጉቦ የለም፤ አውጣት!»

«እሺ፣ ጓድ ዳኛ!»

እናቲቱ ዓለሚቱ ቆጮውን እያቀረበች፣ «ሁለት ሕፃን ነው የማሳድገው» ትል ነበር።

አንድ ጠዋት አክሊሉ በርጩማ ሊሸጥ ወደ ሾኔ ገበያ ሊወርድ በሹፌሩ በአህመድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። መኪናው ሊነሳ ሲል ከላይ ሆኖ ጮኸ፤ «አባዬ! ትልቋን ቃል አገኘኋት! ሰባቱንም ትጠቀልላለች!»

«በል ንገረኛ!»

«ማታ! ዳኛ በባዶ ሆዱ አይፈርድም!»

«ሂድ፣ አንተ ቀጣፊ!» አለው ባፈና። ደስታው ግን ከፊቱ ላይ አልወርድ ብሎት ዋለ።

ማታ የተመለሰው መኪናው ነው። አህመድ በርጩማዎቹን እንዳሉ አወረደ። ቀና ብሎ ሰው ማየት አቅቶት፣ «ገበያው ተከበበ፤ ወጣቱን ሁሉ አፈሱት» አለ። «የሠፈራችሁ ኤሊያስም አብሮ ተጫነ።»

ያ ዘመን እንዲህ ነበር፣ ልጆቼ። ልጅ ገበያ ወርዶ ጦር ሜዳ ያድራል።

ባፈና ሰባቱን እንጨት ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ አኖረ። ማንም እንዲነካቸው አይፈቅድም። ክረምት ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ከሰሜን የሚሰማው ወሬ ሁሉ ክፉ ነው። ጎረቤት ዓለሚቱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። እሷም ውስጧ ነግሯት፣ «የአክሊሉ አባት፣ እርማችንን እናውጣ ይሆን?» ብትለው፣ «ልጄ የሚነግረኝ ነገር አለው። ሳይነግረኝ አይቀርም» ብሎ አፏን አስያዛት።

አንድ ቀን መምህር ሰይፈሥላሴ ወንበር ሊያሠሩ መጡና እንጨቶቹን አዩ። 

«ጋሽ ባፈና፣ ቃሉን እኔ ልንገርዎት?»

«እንዳይነግሩኝ!» መጋዙን ጣለው። «እርስዎ ከነገሩኝ፣ እሱ ምን ሊለኝ ይመጣል?»

መምህሩ የወንበሩን ነገር ሳያነሱ ወጡ።

ከዚያ አንድ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው ኤሊያስ ቆሟል፤ አንድ እግሩ የለም፣ በክራንች ተደግፏል። ሽማግሌ በንጋት ለምን እንደሚመጣ በኛ አገር የማያውቅ የለም። ባፈና የኤሊያስን ፊት አየ፤ ኤሊያስም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ባፈና። «አደራችሁን፣ እስክመለስ አንድ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ።»

ነጠላውን እንኳ ሳይደርብ ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። መምህር ሰይፈሥላሴ በሩን ከፈቱለት።

«መምህር፣ አሁን ይንገሩኝ።»

«ዌዘር ነው ቃሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የአየር ጠባይ። ዝናቡ፣ ፀሐዩ፣ ነፋሱ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጋሽ ባፈና።»

ለባፈና ያን ሁሉ ጊዜ፣ ሰባት ፊደል የምትጠቀልል ቃል ልጁን የምታህል መስላው ነበር።

«አግኝቷት ነበር» አሉ መምህሩ። «ገበያ ሊወርድ በዋዜማው በጆሮዬ ነገረኝ። ‹አባቴ ሳይፈርድባት ለክፍሉ እንዳይናገሩ› አለኝ። አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው ይምጡና ይጻፉልኝ።»

አብረው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው። ዓለሚቱ ጓዳው በር ላይ መቃኑን ይዛ ቆማለች። መምህሩ ቃሉን በዚያው ሳንቃ ላይ በጠመኔ ጻፉ። ባፈና እንጨቶቹን አወረደ፤ አቧራቸውን በመዳፉ ጠረገ፤ ከሥር አንድ በአንድ ይደረድር ጀመር።

«መጋዟ አለች። ማበጠሪያዋ አለች። ጣራዋ አለች። ምሰሶዋ... አለች። መሰላሏ አለች። መንታዋም አለች።»

እግሯን የዘረጋችዋን ይዞ ቆየ። ኤሊያስ ሊያግዘው ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ባፈና በዓይኑ መለሰው፤ ራሱ አስቀመጣት። የተረፈ የለም፣ የጎደለም የለም።

«ልክ ነህ፣ ልጄ» አለ። «አልፏል።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«በሉ፣ አሁን ተናገሩ።»

ማንም አፉን ሳይከፍት የዓለሚቱ ጩኸት ከሠፈሩ ዳር እስከ ዳር ተሰማ።