ከግድግዳ የተፋቀ ዘር

ወረታ ውስጥ ዙፋንን የማያውቅ ካለ ምላሷን ያልቀመሰ ብቻ ነው። ገና ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እንኳን ለእኩያዋ ለቀበሌው ሊቀመንበርም መልስ አታጣም። እናቷ እናኑ፣ «ምነው ከምላስሽ ቆርሶ ለእጅሽ በሰጠሽ!» ትላታለች።

ከተማ የገቡት አምና ነው፤ ቁሐር የነበረውን የሩዝ ማሳቸውን ጎርፍ ሁለት ዓመት አከታትሎ ቢበላባቸው። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ጓሮ አለው። እናኑ ድንጋዩን ለቀመች፣ አጠረች፣ «ከእንግዲህ ለወጥ ብዬ የሰው እጅ አላይም፤ ይቺ ጓሮ ታበላኛለች» አለች። ለዘር ደግሞ ቁሐር ሚካኤል ወርዳ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ሄደች። የእኒህ አሮጊት መነኩሴ ዱባ ቆጥ ላይ ወጥቶ እስከ ሁዳዴ የሚቆይ፣ ሲበስል እንደ ድንች ፍርፍር የሚል ነው፤ ከእናታቸው የወረሱት።

«እኔስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዘንድሮ አልተክልም» አሏት። «ያለኝ ይኸው ነው፣ ጠቅልለሽ ውሰጂው። ለሁዳዴ አንዲት ዱባ ካመጣሽልኝ ይበቃኛል።»

እናኑ ዙፋን ትምህርት ቤት ሳለች ዘሩን ነቀዝና አይጥ እንዳይደፍረው በእበት ለወሰችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ዝናብ ሲጥል ፍቆ መትከል ነው። በማግስቱ ወገቧን ልትታጠን ወንዛዬ ፍልውሃ ለሰባት ቀን ሄደች።

«ግድግዳውን አደራ» አለች መኪናው ላይ ሆና።

«ማን ተሸክሞት ይሄዳል ብለሽ ነው?» አለች ዙፋን። እናኑ ልታስረዳት አፏን ስትከፍት መኪናው ተነሣ።

ሰኞ ዕለት የክፍል ኃላፊዋ ቲቸር ሊድያ፣ «ቅዳሜ ቤታችሁ እመጣለሁ» አለቻት። ሊድያ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጫማዋ እንኳን አቧራ አይነካውም። ዙፋን ቤት ገብታ ግድግዳውን አየችው። ኧረ ጉድ! እበት እያየች ሻይ ልትጠጣ ነው?

ፋቀችው። የፋቀችውንም አልጣለችም፤ ጭቃና ጭድ ጨምራ ጉድጓድ ውስጥ አቦካችው። እስከ ዐርብ እየዘፈነች ረገጠችው። ነጫጭ ነገር ተረከዟን ይወጋታል፤ ጠጠር መሰላት። ከዚያ ግድግዳውን ልቅልቅ አድርጋ ለሰነችው።

ቅዳሜ ሊድያ መጣች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች፤ ሻይዋን ጠጣች፤ ስለ ሒሳብ ውጤት ነግራት ሄደች። ዞራም አላየችው።

ብዙም ሳይቆይ እናኑ ገባች።

«እማ፣ በሞቴ እይልኝ! መስታወት አላስመሰልኩትም?»

እናኑ ዕቃዋን ሳታወርድ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ዘሩስ?»

«የምን ዘር?»

«እበቱ ውስጥ የነበረው። የእማሆይ ዱባ።»

«ታዲያ ዘር ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» አለች ዙፋን፤ ተናግራው ሳትጨርስ ገባት።

እናኑ አልመታቻትም። ብትመታት በተሻላት።

ዘሩ ጭቃው ውስጥ ተረግጦ ቀረ፤ በሳምንቱ ብቻ ልስኑ ተሰነጠቀና ሁለት ቡቃያ አንገቱን አወጣ። እናኑ በጣሳ ውሃ ይዛ ግድግዳ ታጠጣ ጀመር፤ ጎረቤት «አበደች» አለ። ዙፋን ቡቃያዎቹን ከነሥራቸው ላውጣ ብላ በቢላ ስትፈለፍል ሁለቱም እጇ ላይ ተቀነጠሱ።

ግንቦት ላይ ከይፋግ ገበያ ሌላ ዘር ገዝተው ተከሉ። ዱባው ገዘፈ እንጂ ውሃ ነው፤ ጥር ሳያልቅ ቆጥ ላይ በሰበሰ። ሁዳዴ ሲገባ እናኑ ከገበያ አንድ ዱባ ገዝታ ዙፋንን አሸከመቻት።

«እውነቱን ንገሪያቸው» አለቻት።

«እነግራቸዋለሁ።»

መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስትደረድር ሄደች። እማሆይ በራፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዱባውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ሕፃን አሻሹት።

«ዘሩንስ አስቀርታችኋል?»

ያ ሁሉ የደረደረችው ቃል የት እንደገባ እንጃ። «አዎ፣ እማሆይ» አለች።

እማሆይ ዱባውን በጣታቸው አንኳኩት። ጆሯቸውን አስጠግተው ደገሙት።

«የእኔ ዱባ እንደ ከበሮ ነበር የሚመልስ፤ ይኸ ድምፁ ተለወጠብኝ» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ ጆሮዬ ነው። እርጅና መጥፎ ነው፣ ልጄ። የተከለ እጅሽ ይባረክ።»

ዙፋን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።