ጥጃዋን ወደ ጉብታው

ፈሪሀ የአባቷን የጁምዓ ጀለቢያ ባሸችው ቁጥር ይብሱን ይቆሽሻል። የመንደሩ ሴት ሁሉ ልብስ የሚያጥበው ከግድቡ እግር ሥር በሚመነጨው ውሃ ነው። እስከ ትናንት መርፌ ቢወድቅበት ይታይ ነበር፣ እንዲያ የጠራ። ዛሬ እንደ አተላ ደፍርሷል።

"ሳሙናውን የት አደረግሽው? ለጎረምሳ ሰጠሽው እንዴ?" አለች ጎረቤቷ ብዙነሽ፣ ጋቢ እየጨመቀች።

"አንቺስ እትዬ ብዙነሽ፣ ጋቢውን በጭቃ ነው እንዴ የምታጥቢው?"

ብዙነሽ ጋቢውን ዘርግታ አየችው። "ውይ! ከብት ረግጦት ይሆናል።"

"ከብቱ ግድቡ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው የረገጠው?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ፈሪሀን ግን የገዛ ቀልዷ አልጣማትም። ውሃው እኮ የሚወጣው ከአፈሩ ውስጥ ነው። ጀለቢያውን እንደረጠበ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሽቅብ ሮጠች።

አባቷ መህዲ የውሃ አባት ነው፤ ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ነው። ግድቡ ጫፍ ላይ ቆሞ በደጋው በኩል የጠቆረውን ደመና ያያል። በደርግ ጊዜ በሰው ጫንቃ አፈር ተቆልሎ የተሠራው ግድብ እስከ አፉ ሞልቷል። ከታች ማሽላው እስከ ቆቦ ሜዳ ድረስ ተንጣሏል።

ጀለቢያውን አሳየችው። ጭቃውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው።

"አባ፣ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው አይደል? ሳይፈርስ ክፈተውና ይጉደል!"

"በምኑ ልክፈተው? የታችኛውን መዝጊያ ደለል የዋጠው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ከተማ ውሃ ቢሮ ተመላልሼ ጫማዬ አለቀ። 'መኪና ሲገኝ እንመጣለን' አሉኝ።"

"እንግዲያ ለሰው እንንገር።"

"ምን ብለን? ማሽላው ሊያሸት ነው። ሰው ማሳውን ተሸክሞ የት ይሄዳል? ግድቡ ቆሞ ካደረ ደግሞ 'መህዲ አገር በተነ' እባላለሁ። አላህ ያውቃል።" ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጥጃዋን ፍቺና ጉብታው ላይ፣ አክስትሽ ቤት እሰሪያት። እናትሽንም ይዘሻት ውጪ። ሰው ከጠየቀሽ ሣር ፍለጋ ነው በይ።"

ምላሷ ከምላጭ የሰላው ፈሪሀ ጀለቢያውን ጠቅልላ ወደ ቤት ወረደች።

ጥጃዋን ስትፈታ እናቷ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ባሏ ይህን ሰሞን እንቅልፍ እንደሌለው ታውቃለች። ቁልፏን መቀነቷ ላይ ቋጠረችና፣ "በጓሮ እንሂድ፣ በበለሱ በኩል። ማንም አያየንም" አለች።

ፈሪሀ ገመዱን እንደያዘች ቆመች። ከደጋው ነጎድጓድ ተሰማ። ጥጃዋን በመንደሩ መሀል ወዳለው መንገድ ሳበቻት።

ብዙነሽ የቆሸሸውን ጋቢ አጥር ላይ እያሰጣች ነበር። "አንቺ ምላሳም፣ ጥጃዋን ይዘሽ ወዴት ነው?"

"ጉብታው ላይ!" አለች ፈሪሀ፣ እስከ መንደሩ ዳር እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "አባቴ ነው የላከኝ። ሣር ፍለጋ አይደለም!"