የምላጭ አሥራ አንድ ምሽት

ምላጭ ይሏታል፤ ስሙን ያወጣላት ምላሷን የቀመሰ ሰው ነው። በወጣትነቷ፣ አንድ የሮክ ባንድ ከመውጣቱ በፊት መድረኩን የምትከፍተው እሷ ነበረች፤ ሙዚቃ እያጀባት፣ ግጥሟን በቃሏ እያወረደች፣ አሥራ አንድ ምሽት። ሰዉ እጁን አንሥቶ ሲዘልላት፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥላት! ያንን እያመነዠከች ሁለት ባል ቀበረች፤ አንዲት ልጅ አሳደገች። ልጅቱ ወሬውን ከጡት ጋር ነው የጠባችው።

ባንዱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነገ ሊጫወት ነው ሲባል፣ ምላጭ ቀይ ቀሚሷን አጥባ ተኮሰች። "መጥራት አፍረው ነው፤ እኔው ልሂድላቸው" አለችና ልጇን አስከትላ በጠራራ ፀሐይ አዳራሹ ደረሰች።

የድሮው የድምፅ ባለሙያ ወለሉ ላይ ሽቦ ይጠቀልላል።

"አንተ ቦርጫም፣ አልሞትክም?"

"አንቺን ሳልቀብር? ምን እግር ጣለሽ?"

"ነገም የምከፍተው እኔ ነኝ። ለአለቆችህ ንገር።"

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። "እስከ ዛሬ የነገረሽ የለም? በመጀመሪያው ምሽት እኮ ሰዉ በጠርሙስ ሊፈነክትሽ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፅሽን የለቀቅሁት እግርሽ ሥር ባለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ለራስሽ ይሰማሽ ብዬ። ለሰዉ በትልልቆቹ የካሴት ዘፈን ከፈትሁለት። የዘለለው ለዘፈኑ ነው።"

"ታዲያ ለምን አላባረራችኋትም?" አለች ልጅቱ።

"ይቺን? ማን ደፍሮ! ምላሷን ማን ይችላል?"

ምላጭ መድረኩ ላይ ወጣች። "ውሸታም! በል በትልልቆቹ ክፈተው!"

ከፈተው። አንዲት ቃል ሳታጎድል እስከ መጨረሻው አወረደችው። ድምፅዋ አዳራሹን ሞልቶ ተመልሶ ፊቷ ላይ ወደቀ። ወንበር የሚደረድረው ሰውዬ ቀና ብሎ፣ "ማይኩን ሞክራችሁ ጨረሳችሁ?" አለ።

ምላጭ ልጇን አየቻት። "አንቺስ? አፍሽን ምን ዘጋው?"

"እማዬ፣ ጠርሙስ ባነሡት ሰዎች አልፈርድባቸውም።"

ይቺ እንኳ ከእኔው ማህፀን ለመውጣቷ ምስክር አያሻትም፣ አለች በሆዷ። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ወደ ባለሙያው ዞረች። ድምፅዋ ቀነሰ።

"እሺ። ነገ ትንሿን ብቻ ክፈትልኝ።"

"አይሆንም፣ እህቴ።"

"ማንን አገኛችሁ በእኔ ቦታ?"

"ማንንም" አለ፣ ሽቦውን እየጠቀለለ። "ዘፈኑን ብቻ ነው የምንከፍተው።"