ጥላ ያለበት ወንበር

«ሚስ ሎሪን፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የኤልዉድን ወንበሮች ምን ሊያደርጓቸው አሰቡ?»

ፋርማሲስቱ ሃስኬል ይህን ሲጠይቅ አንድ ጉንጩ በአሳማ ሥጋ ተወጥሮ ነበር። የሎሪን ባል ኤልዉድ የሞተው ትናንት ነው፤ አስከሬኑ ዋናው መንገድ ላይ ባለው የቀብር አስፈጻሚ ቤት ሆኖ የነገውን ቀብር ይጠብቃል። ሎሪን የእንቁላሉን ሳህን ፊቱ ላይ ልትደፋበት ትንሽ ቀራት።

«እንቁላል ጨምር» ብላው አለፈች።

ከጠዋት ጀምሮ የመጣው ሁሉ እንደዚሁ ነው። ዶሮ በሩዙን ይዞ ይመጣል፤ ሳህኑ እንዳይጠፋበት ከሥሩ ስሙን በፕላስተር ለጥፏል። አቅፏት ያለቅሳል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ወንበሮቹ ይጠይቃል። በዚህች የሚሲሲፒ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ቤዝቦል ቡድን ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው፤ ከኳስ መቺው ጀርባ ላለ ወንበር የዓመት ትኬት የያዘ ሰው ደግሞ ነፍሱ ካልወጣች አይለቅም። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ባለወንበሩ እንዲሞት አይጸልይበትም፤ ግን ጤናውን ቶሎ ቶሎ ይጠይቀዋል። ባለቤቱ ሲሞት ወንበሩ የሚተላለፈው ለሚስቱ ብቻ ነው። እሷ አልፈልግም ካለች ወደ ትኬት ቢሮው ይመለሳል። ሎሪን ቤዝቦል እንደማትወድ ደግሞ አገር ያውቃል።

ይህን ለአገሩ የነገረው ኤልዉድ ነው።

ሳሎን ስትገባ ዱዊ የኤልዉድ ሶፋ ላይ ተንሰራፍቶ ያወራል። ዱዊ የኤልዉድ ታናሽ ወንድም ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠው እሱ ነው።

«ወንድሜ እኮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደበት ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ ነው ያገኛቸው!» ይላል ዱዊ። «ስታዲየሙ እንደ አዲስ የተሠራ ጊዜ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ!»

«ጽናት ማለት ይህ ነው» አሉ ፓስተር ኦዴል ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ነገ ከመድረክ እናገረዋለሁ።»

ሎሪን ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠው ድምፁ ሁሉንም አስደነገጣቸው። ሐዘን ነው ብለው አለፉት።

ያን ሌሊት የተሰለፈችው እሷ ናት። ኤልዉድ ከጣውላ ፋብሪካው ፈረቃ መቅረት አልቻለም፤ ለምኗት ሄደች። ልጇን ጃኔልን አርግዛ ነበር። ላስቲክ ተከናንባ፣ አንድ የማታውቀው ሰው በሰጣት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አነጋች። መስኮቱ ሲከፈት ሻጩ የስታዲየሙን ንድፍ ዘረጋላትና የቱን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የት ድረስ ነው የምትመጣው?» አለችው።

ሻጩ ሳቀ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የኤልዉድን ግራ ዓይን ግን ፋብሪካው ውስጥ ስንጥር መትቶት ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያለማቋረጥ እንባ ያወርዳል። ሻጩ ጣቱን ንድፉ ላይ አስቀመጠ፤ የጣሪያው ጥላ እዚህች ወንበር ድረስ ነው፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ፀሐይ ናት። ሎሪን ሁለቱን ወሰደች። ጥላውን ለእሱ፣ ፀሐዩን ለራሷ።

«አንዷ ያንቺ ናት» ብሎ ኤልዉድ የዚያን ቀን ግንባሯን ሳመ። ጃኔል ስትወለድ ግን «ለዘንድሮ ዱዊ ይቀመጥበት፤ ሕፃን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ» አለ። ያ ዘንድሮ ሳያልቅ ጃኔል ትምህርት ቤት ገባች። ሎሪን ደግማ ጠየቀችው። ኤልዉድ ከጫማው ላይ ጭቃ እየፋቀ «አንቺ ቤዝቦል ይሰለችሻል» አላት። ሳህን እያጠበች ጨዋታውን በሬዲዮ ስትከታተል፣ የሳተው መቺ ላይ ስትጮህ፣ እሱ አንድም ቀን አልሰማትም። የዚያን ሌሊት ወሬ መጀመሪያ ላይ ሚስቴ ተሰልፋ ይል ነበር። እያደር ተሰልፈን ሆነ። በመጨረሻ እሷ ፊት ተቀምጦ ብቻዬን ተሰልፌ ሲል ዓይኑን አላሸም።

መጥፎ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። ግን ከየጨዋታው ሲመለስ ቅቅል ኦቾሎኒ በኮት ኪሱ ያመጣላታል፤ እንዳይቀዘቅዝ እጁን እላዩ ላይ አድርጎ ነው የሚነዳው። እንዲህ የሚያስብላት ሰው እንዴት ያችን አንዲት ወንበር ይነፍጋታል? አሁን ደግሞ ሞቶ አረፈው። ማንን ትጠይቅ?

ዱዊ ወጥ ቤት ተከትሏት ገባ። ልጇ ጃኔል ሳህን ታጥባለች።

«ሎሪንዬ፣ ከቀብሩ መልስ ትኬት ቢሮው ብቅ በይና እወስዳለሁ በያቸው። ሌላውን ለኔ ተይው።»

«ምኑን?»

«በስምሽ ይሁንና እኔና የልጄ ባል እንቀመጥበታለን። እኔ ወደ ኤልዉድ ወንበር እዞራለሁ። የኔዋ እኮ ፀሐይ ናት፤ ስትጠብሰኝ ኖረች! ኤልዉድ ዕድለኛ ነው፤ ሳያውቅ ጥላው ደረሰው።»

«ሳያውቅ?» አለች ሎሪን። «ያን ሌሊት ማን ነው የተሰለፈው?»

«እንዴ፣ ኤልዉድ...»

«ማን ነው በመኪና ወስዶ ሰልፉ ላይ የጣለኝ? ‹ሆድሽን ሸፍኚ› ብሎኝ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍቶ የሄደው ማን ነው ዱዊ?»

ሳሎን ውስጥ ወሬው ተቋረጠ። ዱዊ የእቃ ማጠቢያውን ገንዳ ያይ ጀመር።

«ሎሪን፣ በሞተ ሰው ላይ እንዲህ አይባልም።»

«የሞተው እሱ ነው። አንተማ አለህ! ሲዋሽ ቁጭ ብለህ ሰማኸው፤ ዛሬ ደግሞ ቤቴ ውስጥ፣ የኔን የአሳማ ሥጋ እየበላህ ትደግመዋለህ!»

ወደ ጋራዡ ወጣች። ስታዲየም የሚቀመጡባቸው ሁለቱ ትራሶች መስቀያው ላይ ነበሩ፤ የዱዊን አወረደችና ይዛ ተመለሰች።

«ስም ያለበት ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። እንካ፣ ስምህ አለበት።»

ዱዊ ትራሱን ታቅፎ በሰው መሃል አለፈ። ቀና ብሎ ያየው የለም። ፓስተሩ በሩ ላይ ቆመው ይንቆራጠጣሉ።

«ፓስተር፣ ያቺን ታሪክ ነገ ካነሷት ከመቀመጫዬ ተነስቼ አርምዎታለሁ።»

«ዓሣ ማጥመድ ስለ መውደዱ ብናገርስ ሚስ ሎሪን?»

«እሱ እውነት ነው።»

ጃኔል እጇ ላይ አረፋ እንዳለ አፍጥጣ ታያታለች። «እማ፣ ቤዝቦል ትወጃለሽ እንዴ?»

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

ፓስተሩ ስለ ዓሣ ተናገሩ። ኤልዉድ ተቀበረ። ከመቃብሩ መልስ ሎሪን ጃኔልን ትኬት ቢሮው እንድታደርሳት አዘዘቻትና ሁለቱንም ወንበሮች በስሟ አዞረች።

ቅዳሜ የመክፈቻው ጨዋታ ነበር። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች። ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፋት። ቅቅል ኦቾሎኒ ገዝታለች፤ እንደ ኤልዉድ የሚመርጥላት ስለሌለ ጨው የበዛበት ደረሳት። የኤልዉድን ወንበር አልፋ የራሷ ላይ ተቀመጠች። ጨዋታው ጥቂት እንደሄደ ፀሐይዋ ዞረች። ያ ሻጭ አልዋሸም፤ ጥላው የኤልዉድ ወንበር ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሚስ ሎሪን» አለ ሃስኬል ከኋላዋ፣ በዚያ የሐዘን ቤት ድምፁ፣ «ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ እንጂ። ባዶ እኮ ነው።»

«የኔ ይሄኛው ነው።»

በግራ እጇ ፀሐይዋን ከለለች። ቀኝ እጇን ጥላው ውስጥ ዘርግታ የኤልዉድን ወንበር ነካችው። ቀዝቅዟል።

«ውሸታም» አለችው ቀስ ብላ።

እጇን ግን ጨዋታው እስኪያልቅ አላነሳችም።