ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ

የረሃብን ምክንያት በሚያጠናው ኮሚቴ ስም የተላኩት አቶ ሀብቱ ወደ ዘንገና ሲመጡ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ሆዳቸው ነው። እሱን ተከትሎ በቅሏቸው፣ ከበቅሏቸው ኋላ ጸሐፊያቸው፣ ከጸሐፊው ኋላ ጠመንጃ ያነገተ ፖሊስ መጣ። መኪናቸው ዋናው መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለቀረ በቅሎዎቹ የመንደሩ ነበሩ። በመጡበት ቀን የታረደላቸው ሙክትም የመንደሩ ነበር። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ፣ ወሩ ሐምሌ፣ አገው ምድር የጎተራውን ወለል በመጥረጊያ የሚጠርግበት ወር ነው።

ሙክቱ ሲበላ ስሜነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደጅ ቆማ አየች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች ጥሎባታል። ምላሷ ስለት ነው እየተባለች ትታማለች፤ ሐሜቱም እውነት ነው።

“እነዚህ ናቸው ረሃብን የሚያጠኑት?” አለች። “ደግ ነው፤ ጥናታቸው እስከ አጥንት ነው።”

እሷ ራሷ ቤት ውስጥ እፍኝ ገብስ አልነበራትም። ባለፈው መኸር የአሥራት ገማች መጥቶ፣ ከበቅሎው ሳይወርድ ማሳዋን በዓይኑ ለክቶ፣ አሥር ዳውላ ይወጣዋል ብሎ ጻፈ። ሲወቃ አራት ሆነ፤ አሥራቱ ግን የሚከፈለው በተወቃው ሳይሆን በተጻፈው ነው። ገማቹን ማብላት የእሷ ነበር፤ የገማቹን ሎሌ ማብላት የእሷ ነበር፤ የሎሌውን በቅሎ ማብላትም የእሷ ነበር። የተረፈውን ልጆቿ እስከ ግንቦት አደረሱት።

አሁን የቀራት ሁለት ጆንያ ግብጦ ብቻ ነው። ግብጦ ደግሞ እንደ ሹም ነው፤ እንዳለ አይቀመስም። ይቆላል፣ በጆንያ ይታሰራል፣ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ሰባት ቀን ሙሉ ውሃው እያጠበ ምሬቱን ይወስድለታል። ከዚያ ወዲያ የሚጥም፣ ልጅ የሚያሳድግ እህል ነው። ቸኩሎ የበላው ግን አፉ ብቻ ሳይሆን አንጀቱም ያዝንበታል። የስሜነሽ ሁለት ጆንያ ከመንደሩ ግርጌ ባለው ጅረት ውስጥ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። አምስት ቀን ቢታገሥላት፣ ልጆቿን ለመስከረም እሸት የምታደርሰው በእሱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። አቶ ሀብቱ አንድ ወረቀት ዘረጉ። የረሃብ ምክንያቶች ወረቀቱ ላይ ቀድመው ታትመዋል፦ ስንፍና፣ የበዓል መብዛት፣ ድንቁርና፣ አጉል እምነት። ባዶ የተተወው የአገሩ ስም ብቻ ነው።

“እናንተ የተራባችሁት ከነዚህ በየትኛው ነው?” ብለው ጠየቁ።

የሚያስተረጉመው ጭቃ ሹሙ አየነው ነበር። አየነው የስሜነሽ ባል ያጎት ልጅ ነው። አማርኛም አገውኛም ይችላል፤ በሁለቱም ይፈራል። “ዝም አይነቅዝም” ይላል ሁልጊዜ። “ዝም አልነቀዘም፤ የነቀዘው ጎተራችን ነው” ትለዋለች ስሜነሽ።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በአገውኛ ተናገሩ። ገማቹ ያልበቀለውን እየጻፈ የበቀለውን እንደወሰደባቸው፣ ከገማቹ የተረፈውን ደግሞ ገማቹን ለማስተናገድ እንደጨረሱት አንድ ባንድ ዘረዘሩ።

“ምን ይላሉ?” አሉ አቶ ሀብቱ።

“ዝናብ አነሰ ይላሉ፣ ጌታዬ” አለ አየነው።

ዝናቡ በዚያች ሰዓት የአቶ ሀብቱን ባርኔጣ ይደበድብ ነበር። ጸሐፊው ዝናብ አነሰ ብሎ ጻፈ።

ስሜነሽ ከንፈሯን ነከሰች። አማርኛ ታውቃለች፤ አሥር ዓመት ዳንግላ ገበያ ቅቤ የሸጠች ሴት አማርኛ አያታልላትም። አየነው ግን ምላሷን ፈርቶ፣ ጠዋት ገና ሳይሰበሰቡ ለአቶ ሀብቱ “ሴቶቹ አማርኛ አይሰሙም” ብሏቸዋል። እሷንም “በልጆችሽ ይሁንብሽ፣ ፖሊስ ይዘው መጥተዋል፣ እንዳትናገሪ” ብሎ ለምኗታል። ለልጆቿ ስትል እሺ ብላለች።

ስብሰባው ሲያበቃ፣ ምሳ እስኪደርስ አቶ ሀብቱ አየነውን፣ ጸሐፊውንና ፖሊሱን አስከትለው እግራቸውን ሊያፍታቱ ወደ ጅረቱ ወረዱ። እዚያም ድንጋይ የተጫነባቸውን ሁለት ጆንያዎች አዩ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ግብጦ ነው ጌታዬ። የእሷ ነው” አለ አየነው፣ ተከትላቸው የወረደችውን ስሜነሽን በአገጩ እያሳየ።

“ግብጦ እህል አይደለም እንዴ? እህል ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?”

“ምሬቱ እንዲወጣለት ነው ጌታዬ።”

አየነው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ። አልለመደውምና እሱም ጉድ አመጣ።

“ምሬት?” አሉ አቶ ሀብቱ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። “በግርማዊነታቸው ዘመን የምን ምሬት ነው? ማን ነው የተማረረው?”

“ኧረ ማንም ጌታዬ! እህሉ ነው።”

“እህል ይማረራል?”

አየነው ፖሊሱን አየ፤ ጠመንጃውን አየ። “አይማረርም፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው የተማረረው ሰው ነው። ምሬቱ እንዲወጣለት ብሎ እህሉን ለወንዝ ይገብራል።” ወደ ጸሐፊው ዞሩ። “ጻፍ! ቁጥር አራት። አጉል እምነት።”

ደስታቸውን ሊደብቁት እንኳ አልቻሉም። ከአዲስ አበባ አሳትመው ይዘውት የመጡት ምክንያት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ጠበቃቸው። “ይውጣ! ሕዝብ እየተራበ እህል ውሃ አይበላውም!” ብለው ፖሊሱን አዘዙት።

ስሜነሽ ጭቃውን ረግጣ ውሃ ውስጥ ገባች፤ አንዱን ጆንያ በሁለት እጇ ያዘች። “አያ አየነው፣ ንገራቸው እንጂ!” አለች በአገውኛ። “አራት ቀን ብቻ ይተዉልኝ። ርሶ ከወጣ ይሻግታል። የልጆቼ ቀለብ ይኼው ነው፤ ሌላ የለኝም።”

“ምን ትላለች?” አሉ አቶ ሀብቱ።

አየነው ፊቱን ከእሷ አዞረ። “እሺ ጌታዬ ትላለች።”

ስሜነሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዳንግላ ገበያ የለመደችው አማርኛ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ትንሿን ልጇን አሰበችና መልሳ ዋጠችው። ግብጦ እንኳ እንደዚያ አይመርም። ጆንያዎቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ወጥተው በአየነው ደጅ ተቀመጡ፤ አፋቸው ታስሮ ማኅተም ተደረገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጆንያዎቹ ሞቀው መሽተት ጀምረዋል። አቶ ሀብቱ ግን ሽታውን ከመንደሩ ቆጥረውት ይሆናል፤ አላስተዋሉም። ሊሄዱ ነውና ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲሰበሰብ፣ ከወንዝ አፍ የዳነው እህልም ተቀቅሎ በሕዝብ ፊት እንዲቀርብ አዘዙ። ኮሚቴው ለረሃብ ምን መልስ እንደሰጠ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶ፣ በአፉ ቀምሶ እንዲመሰክር ፈለጉ። አንደኛው ጆንያ ተፈታ። የምትቀቅለው የእህሉ ባለቤት ስሜነሽ ናት ተባለ።

“ገና ነው፤ አይበላም በላቸው” አለችው ለአየነው። “ሰው ልታሳምም ነው?”

“ደስ ብሏታል ጌታዬ” አለ አየነው።

ስሜነሽ ትከሻዋን ሰበቀች። ሹሙ ደስ ብሏታል ካለ፣ እንግዲህ ደስ ሊላት ነው። ቀቀለችው፣ በሰፌድ አድርጋ አቀረበችው። ሰው ሁሉ በየተራ እፍኝ እፍኝ ወሰደና እጁ ውስጥ ጨብጦ ቆመ፤ ወደ አፉ ያነሣ አንድም አልነበረም። አቶ ሀብቱ እሳቸው እስኪቀምሱ በአክብሮት የሚጠብቋቸው መሰላቸው። ለአፍ ዳገት የለውምና ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ትጋት፣ ከወንዝ ስለ ዳነው እህል ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ እፍኛቸውን ሞልተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሁለት ጊዜ አላመጡ።

ሦስተኛውን አልጨረሱትም። ፊታቸው እንደ አሮጌ ቁርበት ተጨማደደ። ያላመጡትን ሁሉ ጸሐፊው ወረቀት ላይ ተፉት።

“መርዝ!” ብለው ጮኹ። “መርዘውኛል!”

ፖሊሱ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ስሜነሽ ሰፌዷን እንደያዘች መሃል ቀረች። አየነው አንገቱን ደፋ። ለዚህ የሚሆን “እሺ ጌታዬ” አልነበረውም።

“መርዝ አይደለም፣ ጌታዬ” አለች ስሜነሽ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። “ምሬት ነው። ውሃው ቀስ እያለ ያወጣለት ነበር፤ እርስዎ በሦስተኛው ቀን አስወጡት። ምሬቱ ሳይወጣ እህሉ ወጣ።” ከሰፌዱ አንድ ፍሬ አንሥታ ቀመሰችና ዋጠችው። “መርዝ ቢሆን እኔም አልቀምሰውም።”

አቶ ሀብቱ አፋቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። “አማርኛ ታውቂያለሽ! ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬዎት ነበር። በአያ አየነው አፍ ነገርኩዎት፤ ‘እሺ ጌታዬ’ ሆኖ ደረሰዎት። ሽማግሌውም ገማቹ ጨረሰን ብለው ነገሩዎት፤ ‘ዝናብ አነሰ’ ሆኖ ደረሰዎት። የረሃባችን ምክንያት ከጠፋብዎት፣ እንግዲህ እዚህች መሃል ወድቆ ነው የቀረው።” በእሷና በእሳቸው መካከል አንገቱን ደፍቶ ወደ ቆመው ወደ አየነው በአገጯ አመለከተች።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሽማግሌዎቹ ጋ ደረሰ።

ጸሐፊው ወረቀቱን እየጠረገ፣ “ይኼንን በየትኛው ቁጥር ላግባው ጌታዬ?” ብሎ ጠየቀ።

“ቁጥር የለውም። አትጻፈው” አሉ አቶ ሀብቱ። ከዚያ ያልተፈታውን ጆንያ አዩትና ማዕረጋቸው ተመለሰላቸው። “ማኅተሙ አልተነካም። ለምርመራ አዲስ አበባ ይሂድ። ጫኑት!”

ስሜነሽ ሰፌዱን ጥላ ጆንያው ወደተጫነባት በቅሎ ሮጠች። “ጌታዬ፣ የልጆቼ ቀለብ ነው! ይተዉልኝ፣ በልጆችዎ!” አለች።

በዚህ ጊዜ አየነው መካከል አልነበረም። አቶ ሀብቱ ቃል ሳይጎድል በደንብ ሰሟት። ሰምተውም በቅሏቸው ላይ ወጡ። ረሃብን ሊያጠኑ የመጡት ሰዎች የመንደሩን ሙክት በልተው፣ የመበለቲቱን ግብጦ ጭነው፣ በመንደሩ በቅሎ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ስሜነሽ ከተፈታው ጆንያ ሳይቀቀል የቀረውን ጅረቱ ዳር ዘርግታ የሻገተውን ከደህናው ትለቅም ጀመር። ደህናው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንደገና አጠበችው፣ እንደገና አሰረችው፣ እንደገና ከአንደኛው ቀን ጀመረች። የጎረቤት ሴቶች ለልጆቿ ድንች ልከውላቸዋል፤ አንዷ ዛሬ፣ አንዷ ነገ ሊሉ ተራ ይዘዋል። ኮሚቴ አላቋቋሙም፤ የተራባችሁት በምን ምክንያት ነው ብሎ ልጆቹን የጠየቀም የለም።

አየነው በስልቻ አንድ ቁና ገብስ ይዞ ወረደ። ከራሱ ጎተራ ነው፤ እዚያም ብዙ እንዳልቀረ ታውቃለች። ስልቻውን አጠገቧ አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ፈርቼ ነው፣ ስሜነሽ” አላት በአገውኛ። “ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም። ያልሽውን እንዳልሽው እናገራለሁ። ይቅር በይኝ።”

ስሜነሽ ስልቻውን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ልጆች በኩርፊያ አይጠግቡም። ከዚያ ከውሃው ዳር ትልቁን ድንጋይ አንሥታ ጆንያው ላይ ጫነችው።

“እሺ ጌታዬ” አለችው፣ በአማርኛ።