ያልፈነዳው ኤርባግ

ቨርሊን ማዶክስ ተገጭቶ ኢንሹራንስ ተስፋ የቆረጠበትን መኪና ከጨረታ እየገዛ፣ አቃንቶ በመሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሊብሬው ላይ የአደጋ ማኅተም ያረፈበትን መኪና የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው። በደቡብ ሚዙሪ ግን «የማዶክስ ሥራ ነው» ከተባለ ገዢው ሌላ አይጠይቅም። ቨርሊን ሲሠራ አይቸኩልም፣ ብዙ አይናገርም፣ ሰው ሲያወራ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም፤ በጸሎት ቤት እንኳ ከኋላ የተቀመጡት «ምን አለ?» እየተባባሉ ነው አሜን የሚሉት።

ይሄኛውን መኪና የፈለገው ግን ለመሸጥ አልነበረም። ልጁ ቴሳ በነሐሴ የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ነው። ኮሌጁ አርባ ደቂቃ ያስነዳል፤ አውቶቡስ የሚባል ነገር በዚያ በኩል አያልፍም።

በጨረታው ቀን ከሚስቱ ወንድም ከዶይል ጋር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስልክ ላይ አጎነበሱ። አሥር ፎቶ ነው ያለው። ግራጫ ትንሽ መኪና፣ የቀኝ ፊቱ የተጨፈለቀ፣ ኮፈኖው የታጠፈ። ዶይል የባቄላውን ሳህን ገፋ አድርጎ አንዱን ፎቶ በጣቱ አሰፋው። የሾፌሩ ኤርባግ ፈንድቶ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ፣ በተሳፋሪው መቀመጫ ፊት ያለው ክሩስኮት ግን ድፍን እንዳለ ነው።

ለእነሱ ይህ የምሥራች ነው። መኪናው በጎን መቀመጫ ላይ ሰው ከሌለ ያውቃል፤ የዚያኛውን ኤርባግ በከንቱ አያፈነዳም።

«ማንም አልተቀመጠበትም ማለት ነው» አለ ዶይል። «ስምንት መቶ ዶላር ተርፎልህ ቁጭ አለ፣ አንተ ሰውዬ።»

ቨርሊን የፊት መስታወቱ ላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ስንጥቅ አሳየው።

«ድንጋይ ነዋ። ደግሞ ለመስታወት ለቅሶ ልትቀመጥ ነው?»

ቨርሊን ፈገግ አለና ዋጋ ሰጠ። አሸነፉ።

መኪናው ሐሙስ ተጭኖ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ጀመሩት። ቴሳ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ መብራት እየያዘችለት ስላደገች የትኛው ካቻቢቴ መቼ እንደሚያስፈልገው ሳይነግራት ታቀብለዋለች። ሌላ ሰው የማያውቀውን ልማዱንም ታውቃለች፤ አባቷ አንድን መኪና ጨርሶ ክሩስኮቱን ከመግጠሙ በፊት፣ ከውስጥ ባለው ብረት ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ጸሎት ጽፎ ቀን ያኖርበታል። ከዚያ ይዘጋበታል። ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው ዓይን አልነበረም።

ቨርሊን የተሰነጠቀውን መስታወት በመዳፉ ዳሰሰ። ቆም ብሎ እንደገና ዳሰሰው። ድንጋይ ከውጭ ሲመታ መስታወቱን ወደ ውስጥ ነው የሚያጎደጉደው። ይሄ ግን ወደ ውጭ አብጧል። የመታው ከውስጥ ነው።

ቴሳ በዚያው መቀመጫ ሥር እጇን ሰዳ ኖሮ አንድ ትንሽ ነገር ይዛ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይሄ የጆሮ መሣሪያ አይደለም? ሽማግሌዎች የሚያደርጉት?»

ቨርሊን ካቻቢቴውን አንሥቶ የክሩስኮቱን ክዳን ፈታው። ሰው ተቀምጦ ከነበረ ኤርባጉ ለምን ዝም አለ? ክዳኑ ሲነሣ ኤርባጉ ሊኖርበት በሚገባው ጎድጓዳ ውስጥ በልክ የተቆረጠ ቢጫ ስፖንጅ ተጠቅጥቋል። ሌላ ነገር የለም። ስፖንጁን ሳበው። ቴሳ መብራቱን አስጠጋች፤ ከኋላ ብረቱ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ጌታ ሆይ፣ በዚህ የሚሄደውን በሰላም መልሰው።»

ከሥሩ ቀን አለ፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ሚያዝያ።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተ ጽሕፈት ነው።»

ቨርሊን እጁ ስፖንጁን እንደያዘ ቀረ። ያኔ መኪናው ነጭ ነበር። በኋላ የገዛው ሰው ግራጫ ቀብቶታል፤ በእጁ ከመቶ በላይ መኪና አልፏል፤ እንዴት ይለየው?

«ኤርባጉን ማን አወጣው?» አለች ቴሳ።

«ማንም አላወጣውም። እኔ ነኝ ያላስገባሁት።»

ቀስ እያለ ነገራት። ያገለገለ ኤርባግ ማክሰኞ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ገዢው ግን ቅዳሜ ብሩን ይዞ ግቢ ገባ። ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ የኤሌክትሪክ ቁራጭ የኤርባጉ ሽቦ ላይ ከተሰካች መኪናው ኤርባግ ያለው ይመስለዋል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ይጠፋል። ከመንግሥት የመጣው መርማሪም የተሰረቀ ዕቃ እንዳይኖር ብቻ አይቶ አሳለፈው። ቨርሊን ሰውየውን በሳምንቱ ጠርቶ ሊገጥምለት ለራሱ ቃል ገባ። ኤርባጉ ማክሰኞ ሲመጣ ሌላ መኪና ላይ ገጠመው። መጀመሪያ በየማታው ትዝ ይለው ነበር፤ ቀጥሎ በየሳምንቱ፤ ከዚያ ረሳው።

ቴሳ መብራቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች።

ዶይል እኩለ ቀን ላይ መጣና ያየውን ማመን አቅቶት ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ግን ብዙ ተናገረ። የተጎዱት ሰዎች ጠበቃ ይዘው ከመጡ ጋራዡም፣ ቤቱም፣ የልጅቷም ትምህርት እንደሚሄድ፤ ጽሑፉን አጥፍቶ አዲስ ኤርባግ ገጥሞ አፉን ቢዘጋ በምድር ላይ የሚያውቅበት እንደሌለ። ቨርሊን እንደ ልማዱ እስኪጨርስ አዳመጠው።

«እዚህ የተቀመጠው ሰው ሞቶ ከሆነስ?» አለ።

«ከሞተ ያንተ ማወቅ ያስነሣዋል?»

ቨርሊን ከመኪናው ኪስ የኢንሹራንስ ካርዱን አወጣ። ሮኔት ፔቲት ይላል፤ አድራሻም አለው። የጆሮ መሣሪያውን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ ፒክአፑን አስነሣ። ሊወጣ ሲል የጎኑ በር ተከፈተና ቴሳ ገብታ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ዓይኗ ከፊቷ ካለው ክሩስኮት ላይ አልተነሣም። ግማሽ መንገድ ላይ፣

«ይሄኛውስ አለው?» አለች።

«አለው።»

ቤቱ ከመንገድ ገባ ያለ ነበር። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የቀኝ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ቀኝ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። ቨርሊን በሕይወት ሲያያቸው የአጥሩን እንጨት ያዘ።

ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ወጣች፤ ሮኔት ናት። መሐረቡን ፈትታ መሣሪያውን ስታይ አፏን ያዘች።

«ሁለት ወር ሙሉ ፈለግነው እኮ። ይህን ብለው ነው እዚህ ድረስ የመጡት? እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ ወንድሜ።»

ሳይጠይቃት ተረከችለት። አጋዘን ዘሎ ገባባት፤ ስትሸሽ ዛፍ ገጨች። የሷ ኤርባግ ፈነዳ፣ የአባቷ አልፈነዳም። አልፎ አልፎ እንዲህ ያጋጥማል ብለዋቸዋል። ክሰሱ ያላቸውም ነበር፤ ማንን ይክሰሱ? አንድ ዓይናቸው ጠፋ እንጂ ነፍሳቸው መትረፉ የፈጣሪ ሥራ ነው አለች፤ ይህን ስትል የቨርሊንን እጅ ይዛ ነበር።

እዚያ ላይ ሊሰናበት ይችል ነበር። ቴሳ ከኋላው ቆማ ጫማውን ጫማውን ታያለች።

«እመቤቴ፣ ኤርባጉ ያልፈነዳው ስላልነበረ ነው» አለ ቨርሊን በዝግታ። «ያንን መኪና የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ። በቦታው ስፖንጅ ከትቼ ሸጥኩት።»

ሮኔት እጁን ለቀቀችው።

«ለኔ አትንገረኝ» አለች። «ለአባቴ ንገረው። የዚያ መሣሪያ ባትሪ ሞቷል፤ ሳትጮህ አይሰማህም።»

ቨርሊን ደረጃውን ወጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሽማግሌው ፊት ተንበረከከ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ እንደ ወትሮው ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «እ?» አሉ። ያን ጊዜ በሕይወቱ ጮኾ የማያውቀው ሰው ጮኸ። ስፖንጁን፣ ሽቦው ላይ የሰካትን ቁራጭ፣ የቅዳሜውን ገዢ፣ ሁሉንም ጮኸው። ከአጥሩ ማዶ ሣር የሚያጭድ ጎረቤት ማሽኑን አጥፍቶ ቆመ።

ሽማግሌው በቀረችው ዓይናቸው አተኩረው አዩት። አልተሳደቡም።

«ሌሎቹስ?» አሉ። «እንዲህ አድርገህ የለቀቅከው ስንት መኪና ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ማን ያምነዋል? ሽማግሌው ቀና ብለው ሮኔትን አዩ፤ ሮኔት ወደ ቴሳ ዞረች። ቴሳ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«አልሰማሁህም» አሉ ሽማግሌው።

ቨርሊን እንደገና ጮኸው።