ዛፍ የሌለበት ግቢ

ሁለቱ አጎቶቼ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት፤ መሀላቸው አጥር ብቻ። ግቢያቸው ማንጎና አቮካዶ በማንጎና አቮካዶ ነበር። አፈሩ ከመወፈሩ የተነሳ ማታ ማንኪያ ቢወድቅበት ጠዋት ጭልፋ ሆኖ ይነሳል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጋር ስለተጣላሁ፣ ለምርምር የመጣች ተማሪ መቆፈሪያዋን አሸከመችኝ።

ተማሪዋ የትልቁን አጎቴን ግቢ መረጠች። ዛፉን፣ ወፉን፣ አፈር ውስጥ ያለውን ትል ሳይቀር ቆጠረች። እሷ ብዝኃ ሕይወት ትለዋለች፤ እኔ መንጋ እለዋለሁ። መጨረሻ ላይ አጎቴን ዛፉ ሥር አቁማ ፎቶ አነሳችው። ይህን ጊዜ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ትንሹ አጎቴ ዓይኑ ደም ለበሰ።

"የኔስ፣ ልጄ? የኔን ዛፍ ወፍ ይጠየፈዋል?"

"ባለ ዛፍ አንድ ይበቃኛል፣ ጋሼ። አሁን የቸገረኝ ለማወዳደሪያ ዛፍ የሌለበት ግቢ ነው። የዛሬ ሳምንት ከአስተማሪዬ ጋር ስመጣ እፈልጋለሁ።"

እሷ እንደሄደች ትንሹ አጎቴ መጋዙን መሞረድ ጀመረ።

"ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ?" አለች ሚስቱ።

"ዝም በይ! እሱ ብቻውን ፎቶ ላይ ሲንጠራራ ልይ?"

እኔ ገመድ ያዝኩለት፤ ነጻ ትዕይንት ማን ይጠላል? ትልቁ አጎቴም ከማዶ "በርታ! ያቺ ደግሞ ቀርታሃለች!" እያለ ያሟሙቃል። የትንሹ አጎቴ ሚስት ፍሬውን ከእናቷ ቤት በመሀረብ ቋጥራ አምጥታ የተከለችው አቮካዶ መጨረሻ ወደቀ። አላለቀሰችም። ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

በሳምንቱ ትንሹ አጎቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጉቶ ላይ ቆሞ እንግዶቹን ተቀበለ።

"ይኸው! ለመድኃኒት እንኳ ቅጠል የለም!"

አስተማሪው አፈር ቆንጥሮ ፈረፈረ። ትል ተንፈራገጠ።

"ይሄ እኮ የዛፍ አፈር ነው፣ አባቴ። ለኛ የሚሆነው ሃያ ዓመት ዛፍ ያላየ መሬት ነው።"

"ታዲያ ሃያ ዓመት እጠብቃለኋ!"

እኔ ሳቄን አፍኜ ልፈነዳ ደረስኩ። ተማሪዋ አልሳቀችም፤ ካሜራዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

አሁን ያ ግቢ ምጣድ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ብቻ የትልቁ አጎቴ ማንጎ የአንድ ቅርንጫፉን ጥላ በአጥሩ ላይ ያሻግራል። ትንሹ አጎቴ በርጩማውን ይዞ ከጥላው ጋር ይንፏቀቃል። ሚስቱ ማዶ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች።

ትናንት ትልቁ አጎቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

"ወንድምዬ፣ ይሄ ቅርንጫፍ ሃያ ዓመትህን እንዳያበላሽብህ።"

"ተወው ወንድም ጋሼ፣ አላስቸገረኝም።"

"ኧረ አስቸግሮሃል! በል ያንን መጋዝህን አቀብለኝ።"

ትንሹ አጎቴ ሚስቱን አየ። ዞር አላለችም። ተነስቶ መጋዙን አመጣ።

"አንተ፣ ገመዱን ያዝ" አለኝ ትልቁ አጎቴ።

ያዝኩለት።